ማንም ያልመረጠው ፈረስ

እዝራ ለብዙ ጊዜ ሲያብላላው የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ፈረሱ ቅዳሜ የመጨረሻ፣ እሁድም የመጨረሻ የወጣበት ሰው፣ ሐሙስ ጠዋት በምን ልቡ ነው እያንጎራጎረ ጺሙን የሚላጨው?

መልሱን አያውቅም። ከሰውየው ጋር አንድ ቤት ይኖራል፣ በአንድ መታጠቢያ ቤት ይጠቀማል፣ ማንጎራጎሩን በግድግዳ በኩል ይሰማል፤ ግን አያውቅም።

ሰውየው ጋሽ ዘርይሁን ናቸው። ቶሮንቶ እየኖረ ጋሽ ዘርይሁንን ወይም የእሳቸውን ብጤ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ካለም ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው፤ ትንሽ ይታገሥ፣ ያገኛቸዋል። በየሰርጉና በየክርስትናው ሕግ ያልተማረ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይጠፋም። ለሰው ሁሉ የደም ግፊት መድኃኒት የሚያዝ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አይጠፋም። አንድ የፈረስ ሰውም አይጠፋም። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዳንድ ቀን ይሳካላቸዋል።

የፈረስ ሰው ሲባል ፈረስ የሚጋልብ እንዳይመስላችሁ። ክቡር ጋሽ ዘርይሁን በሕይወታቸው ፈረስ ነክተው አያውቁም። አንድ ጊዜ መሀል ከተማ፣ ፖሊስ የተቀመጠበት ፈረስ ወደ እሳቸው ዞር ቢል መብራቱ ሳይፈቅድላቸው መንገድ ተሻግረዋል። የእሳቸው ሙያ ፈረስ መምረጥ ነው። የመረጡትን ይዘው፣ ቲኬታቸውን ቆርጠው፣ አጥሩን ተደግፈው ፈረሱ እስኪሸነፍ መጠበቅ ነው።

ቤታቸው ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፈረስ መሮጫው ያለው ደግሞ የከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ፣ አውሮፕላኖች ጎማቸውን ዘርግተው ዝቅ የሚሉበት ሰፈር ነው። ለዓመታት የሠሩት እዚያው አቅራቢያ፣ የአየር ማረፊያው ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ሥራውን ተዉት እንጂ መንገዱን አልተዉትም። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ውድድር ባለበት ቀን ሁሉ፣ ዝናብም ይሁን ንፋስ፣ ይሄዳሉ።

እዝራ አንድ ሁለት ጊዜ አብሮ ሄዶ አይቷል። ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚሄዱ ይበልጥ ጠፋበት። በሥራ ቀን መቀመጫው አብዛኛው ባዶ ነው። የመጡትም ካፖርታቸውን ያላወለቁ፣ እርስ በርስ የማይተያዩ፣ ከቤት የወጡት ቤት ላለመቀመጥ ብቻ የሚመስሉ ጡረተኞች ናቸው። እግር ስር የተቀደደ ቲኬት ይንኮሻኮሻል። ፈረሶቹ ሲያልፉ ሁሉም ለአንድ ደቂቃ ይነሣል፤ ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። እዝራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ቦታ አይቶ አያውቅም፤ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሰው ነው፣ ብዙ የሚያሳዝን ቦታ ያውቃል።

ጋሽ ዘርይሁን ግን በሩ ላይ ሲደርሱ አየሩን ወደ ውስጥ ይስቡና «ዛሬ አየሩ ሌላ ነው» ይላሉ። ሁልጊዜ ሌላ ነው። ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት ለሕዝብ ወደሚታዩበት አጥር ይጠጉና ከሁሉም የከሳውን፣ ወይም ራሱን የደፋውን፣ ወይም አንድ ጎኑ የተላጠውን ይመርጣሉ። «ዐይኑን አየኸው?» ይላሉ። እዝራ ዐይኑን ያያል። የፈረስ ዐይን ነው።

ፈረሱ ከሮጠ በኋላ ሦስተኛው አባባል ይከተላል፤ «ተቃርቦ ነበር።» አንድ ቀን የያዙት ፈረስ ከኋላ ቀርቶ፣ ፈረሶቹን እየተከተለ የሚነዳው አምቡላንስ ፍጥነቱን ቀንሶ ጠብቆታል። ጋሽ ዘርይሁን ቲኬታቸውን አጥፈው «ተቃርቦ ነበር» አሉ።

«ከምን ጋር ነው የተቃረበው ጋሼ?» አለ ሙሀጅር።

«ከሌሎቹ ጋር።»

«ሌሎቹ እኮ ውሃ እየጠጡ ነው!»

ሙሀጅር የአየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ነው። ጋሽ ዘርይሁንን ከፓርኪንጉ ዘመን ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ በውድድር ቀን ከቤታቸው አንሥቶ መሮጫው የሚያደርሳቸውም እሱ ነው። አይወራረድም። «ሐራም ነው» ይላል፤ የውድድሩን ፕሮግራም እንኳ በእጁ አይነካም። ግን ተሳፋሪ የሌለው ሰዓት ሁሉ እዚያው ነው፤ ሲጮህም ከተወራረዱት ሁሉ በላይ ይጮሃል። ጋሽ ዘርይሁንን «ፊታውራሪ» ብሎ የሾማቸው እሱ ነው። «ፊታውራሪ፣ ፈረስዎ ዛሬ ይደርሳል ወይስ ነገ ልመለስ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «አንተ መሀይም፣ ዐይኑን ሳታየው አትናገር» ይሉታል። ፍቅራቸው እንዲህ ነው።

የጋሽ ዘርይሁን ዝና ከሐበሻው አልፏል። አንድ የጃማይካ ሽማግሌ በየሳምንቱ ይመጣና፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ በትሕትና «የዛሬው ምርጫዎ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ይነግሩታል። ሽማግሌው በእስክሪብቶ ያንን ፈረስ ከፕሮግራሙ ላይ ይሰርዘዋል፤ ከዚያ ከቀሩት መካከል ይመርጣል። «እግዚአብሔር ይባርክዎ» ብሎ ይሄዳል። ጋሽ ዘርይሁን ይህን ያውቃሉ። «ሰውን መርዳት ጥሩ ነው» ይላሉ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ውርርድ ሊጾሙ ተስለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምግብ ቤት መስኮት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው በቴሌቪዥን የፈረስ ውድድር ሲያዩ እትዬ ጸዮን ያዟቸው። እትዬ ጸዮን የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከእሳቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።

«ዘርይሁን! የተሳልከው የት ሄደ?»

«ቆሜ ነው እንጂ አልያዝኩም።»

«ከንፈርህ ምን ያንቀሳቅሰዋል ታዲያ?»

«ጸሎት ነው» አሉ ጋሽ ዘርይሁን። ምናልባትም እውነታቸውን ነበር።

እዝራ ነገሩ በከፊል የገባው አንድ እሁድ ጠዋት፣ የሳሎኑ በር ሳይዘጋ ቀርቶ ነው። ጋሽ ዘርይሁን በውድድር ቀን ከተላጩ በኋላ ስልካቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይወጣሉ። እዝራ ጸሎት ይመስለው ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩ በስፒከር ላይ ነበር፤ ከወዲያ በኩል የምትናገረው ደሴ ያለችው ታላቅ እህታቸው ውብአለም ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻቸው እሷ ናት።

ጋሽ ዘርይሁን የፈረሶቹን ስም ወደ አማርኛ እየመለሱ ይነግሯታል።

«ሦስተኛው ‹የሰኞ ጭጋግ› ይባላል፣ እታለም።»

«ጭጋግ ይቅር፣ ይከብዳል። ሌላስ?»

«አራተኛው ‹የንጉሥ ገንዘብ ያዥ›።»

«እሱ ምን ቸገረው? ሰው የጠላው የትኛው ነው?»

«ሰባተኛው። ማንም አልያዘውም።»

«ውይ! ማንም?»

«ማንም።»

«እሱን ያዝለት በቃ። ሰው እንዳለው ይወቅ።»

ለካ እሷ ነገሩን ሁሉ ለፈረሱ ገብስ መግዣ የሚዋጣ መዋጮ አድርጋ ነው የምትቆጥረው። ማንም ያልያዘው ፈረስ ጦሙን የሚያድር ይመስላታል። ጋሽ ዘርይሁን አላረሟትም። እንዲያውም ማታ ሲደውሉላት «በላ፣ ጠገበ» ይሏታል። «እሰይ» ትላለች። ፈረሱ መጨረሻ መውጣቱን ጠይቃ አታውቅም።

እዝራ ያን ቀን ስቆ ስቆ ሲያበቃ አንድ ዓይነት ብስጭት ያዘው። አንድ ሰው ዕድሜውን እንዲህ ሊጨርሰው ነው? አሮጊት በስልክ በምታዝንለት ከሲታ ፈረስ? ማታም ይህን እያሰበ ወደ ሥራው ሄደ። ማሰቡን አልተወም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ተነሥቶ አይዘጋውም።

ውብአለም የሞተችው በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ነው።

እዝራ የሰማው ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለኦቨርታይም ቀደም ብሎ ገብቶ ሣጥን እየደረደረ ሳለ ነው። እትዬ ጸዮን ደወሉ። «ልጄ፣ ብቻህን ነህ?» አሉት። ሐበሻ ይህን ጥያቄ ሲሰማ መርዶ መሆኑን ያውቃል። እዝራም የራሱ ሰው መስሎት ሣጥኑን አስቀመጠው።

«የዘርይሁን እህት አርፋለች። ልጇ ነች የደወለችልኝ፤ ለአጎቷ በስልክ አልነግርም አለች። ደግ አደረገች። ብቻውን ሰምቶ ቢወድቅስ? ቅዳሜ ንጋት ተሰብስበን እንረዳዋለን።»

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

«ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ? ሁለት ሰው ይዤ ሄጄ መርዶ ልንገር? እስከዚያ አንተ ጠብቀው። ስልክ እንዳይነካ። ሰው እንዳይደርስበት። ከእጅህ እንዳታወጣው፣ አደራ!»

እዝራ ሌሊቱን ከሥራ ሲመለስ ጋሽ ዘርይሁን ክፍላቸው ገብተዋል። የስልካቸው ቻርጀር ሳሎን ተሰክቶ ነበር። ነቅሎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ስልካቸው ያረጀ ነው፤ ሳይሰካ ካደረ ጠዋት አይነሣም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ዘርይሁን ተላጩ። አላንጎራጎሩም። እዝራ ይህን ልብ ያለው ኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ልቡ ያለው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ቻርጀሬን አይተኸዋል?»

«አላየሁም ጋሼ። የእኔም ተሰብሯል።»

«ይሁን» አሉ። ፍለጋም አልገቡ፣ ስልክ አውሰኝም አላሉ። ቀጥለው «አትተኛም እንዴ? ማታ ሥራ የለህም?» አሉት።

«አሞኛል። ሲክ ኮል አድርጌያለሁ። ከእርስዎ ጋር ልምጣ ብዬ ነው፣ አየር ልቀበል።»

ትንሽ አዩት። «ና፤ ዛሬ ቤት መዋል አልፈልግም።»

እዝራ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ለእትዬ ጸዮን ደወለ። «ይሂድ፣ ይሂድ!» አሉ። «ቤት ከዋለ አንዱ ቀባጣሪ ይመጣበታል። እዚያ የሚያገኘው ፈረስ ብቻ ነው።»

ፈረስ ብቻ አልነበረም። ሙሀጅር ታክሲውን ይዞ ታች ሲጠብቃቸው ዐይኑ ቀልቷል። ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ይህን አድርጎ አያውቅም። «ይግቡ ጋሽ ዘርይሁን፣ ቀስ ብለው» አላቸው። በመንገድ ላይ ሬዲዮውን አጠፋው። ሁለቴ «ሙቀቱ ይስማማዎታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ምነው ዛሬ አልሰደብከኝም?» አሉ ጋሽ ዘርይሁን ከኋላ።

መሮጫው እንደደረሱ እዝራ ሙሀጅርን ወደ ጎን ጎተተው። «ስደባቸው እንጂ! ታስነቃብናለህ እኮ!»

«አልችልም።»

«ትችላለህ፣ ሁልጊዜ ታደርገዋለህ።»

ሙሀጅር ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ አጥሩ ሄደ። «ፊታውራሪ...» አለ። ጋሽ ዘርይሁን በተስፋ ዞሩ። «ፊታውራሪ... ፈረስዎ... ያምራል።» ከዚያ ሚጥሚጣ የገባበት ይመስል ዐይኑን እየጠራረገ ወደ መኪናው ሮጠ።

ይህ ሳያንስ፣ ሦስተኛው ውድድር ሊጀመር ሲል ዌስተን የሚኖር አንድ የሩቅ ትውውቅ ከወዲያ ጫፍ ብቅ አለ። ፊቱን ለለቅሶ አዘጋጅቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ጋሽ ዘርይሁን ይመጣል። አፉ ተከፍቷል። እዝራ መሀላቸው ዘሎ ገብቶ አቀፈው፤ እንዳቀፈው እየገፋ መጸዳጃ ቤት ድረስ ወሰደው። ሰውየው «ምን ሆነሃል አንተ?» እያለ ይታገላል። እዝራ የእጅ ማድረቂያውን ማሽን አስነሥቶ በጆሮው ነገረው። ሰውየው ከሰማ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ሳያውቅ ነው ፈረስ የሚያየው?» አለ። «ወይ ጉድ። ወይ ይቺ አገር።»

እዝራ ተመልሶ ከጋሽ ዘርይሁን አጠገብ ሲቆም ይህች ቃል አልለቀቀችውም። ሳያውቅ ነው ፈረስ የሚያየው። በዚህች ከተማ ስንቱ ሰው፣ በዚች ሰዓት፣ የሞተበትን ሳያውቅ ባስ ይጠብቃል፣ እቃ ይጭናል፣ ይስቃል? እሱስ ራሱ? ስልኩን አውጥቶ አየ። ማንም አልደወለም። ያ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም።

ዓርብ ዘነበ። ጋሽ ዘርይሁን «ዛሬ አየሩ ሌላ ነው» አላሉም። ፕሮግራሙን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሁለት ቀን ሙሉ ውብአለምን «ልደውልላት» አለማለታቸውን እዝራ እንደ ትልቅ ዕድል ቆጥሮት ነበር። አሁን ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ተጠግቶ ሰማ። ጥያቄውንም መልሱንም ብቻቸውን ይሉታል።

«ሰው የጠላው የትኛው ነው? ... ዘጠነኛው። ... ማንም? ... ማንም።»

ተነሥተው ዘጠነኛውን ያዙ። የጃማይካው ሽማግሌ መጥቶ ጠየቃቸው፤ ነገሩት፤ ዘጠኝን ሰረዘ፤ ባርኮ ሄደ።

ሜዳው ጭቃ ነበር። ፈረሶቹ ከበሩ እንደወጡ ሁሉም የተመካበት አንደኛው ፈረስ አዳለጠው። ሁለተኛው ፊቱ ላይ የሚረጨውን ጭቃ ጠልቶ ወደ ውጭ ሸሸ። ዘጠነኛው ምንም አላደረገም፤ ዝም ብሎ ሮጠ፤ እንደሚሮጠው ሮጠ፤ ሌሎቹ እየቀሩ እየቀሩ ሲሄዱ እሱ ከፊት ሆኖ ተገኘ። ገባ። አንደኛ ገባ።

ሙሀጅር አገር ምድሩን ረሳ። «ፊታውራሪ! ፊታውራሪ! ያ አላህ! ገባ! የእርስዎ ፈረስ ገባ!» እያለ አጥሩ ላይ ዘለለ፤ የማያውቃትን ሴት አቀፈ፤ ዞሮ ጋሽ ዘርይሁንን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ትዝ አለው። እጁ አየር ላይ ቀረ። የጃማይካው ሽማግሌ ከሩቅ ሆኖ፣ ወንድሙ እንደከዳው ሰው ያያቸዋል።

ጋሽ ዘርይሁን አልተነሡም። ካፖርታቸው ላይ ያለውን ዝናብ በመዳፋቸው ጠራረጉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ጥቁር ነው። በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ነካ አደረጉት፤ ደግመው ነካ አደረጉት። ቻርጀሩ እዝራ ኪስ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ላይ መሰኪያ አለ፤ አምስት እርምጃ አይሆንም። እዝራ እጁን ኪሱ ከተተ። ገመዱን ጨበጠው። ቢሰጣቸውስ? ይደውላሉ። ማን ያነሣዋል?

እጁን ባዶውን አወጣው።

«ባትሪ የለውም» አሉ ጋሽ ዘርይሁን። ስልኩን ደረት ኪሳቸው መለሱት። ፊታቸው ላይ እዝራ አይቶት የማያውቀው ነገር ነበር፤ ደስታ አይደለም፤ ደስታን በር ላይ ቆሞ እንደሚሰማ ሰው ናቸው። «ይቻላል ማለት ነው» አሉ። «እንዲህ ያለም ነገር ይቻላል ማለት ነው።»

ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሕንፃው ፓርኪንግ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ሙሀጅር ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ፊት ልቁም ወይስ ኋላ እያለ ሁሉንም ይጠይቃል። ማን ይናገር በሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ተነሣ፤ አንዱ በሰላምታ እንጀምር አለ፣ አንዱ ቀጥታ ይሻላል አለ። እትዬ ጸዮን «እኔ ነኝ የምናገረው፣ ዝም በሉ» ብለው ዘጉት። ከሊፍቶቹ አንዱ እንደ ወትሮው አይሠራም። በሁለት ዙር ወጡ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እንደ ሌባ ግድግዳ ተጠግተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሁለተኛዎቹን ጠበቁ። መርዶ ተከፍሎ አይነገርም።

እዝራ ቁልፉን አውጥቶ ነበር። አላስፈለገም። በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ጋሽ ዘርይሁን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ሳሎኑ ባዶ ሆኗል። ጠረጴዛው የለም፤ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል፤ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል፤ ፍራሻቸው መሬት ላይ ተነጥፏል። በሦስቱም ግድግዳ ዙሪያ ወንበር ተደርድሯል፤ የወጥ ቤቱ፣ የበረንዳው፣ የእዝራ ክፍል ወንበር ሳይቀር።

«ግቡ» አሉ። «ወንበሩ ይበቃ እንደሆን እንጃ። ይህን ያህል ሰው ይመጣል አላልኩም።»

ማንም አልገባም። ሦስት ቀን ሙሉ ንግግራቸውን ሲያጠኑ የከረሙት እትዬ ጸዮን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«እትዬ ጸዮን» አሉ ጋሽ ዘርይሁን። ድምፃቸው ልመና ነበር። «ይንገሩኝ እንጂ። ካልተነገረኝ ማልቀስ አልችልም።»

«ዘርይሁን ወንድሜ...» አሉ እትዬ ጸዮን። «ውብአለም አረፈች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ቲኬታቸውን አጥፈው ኪሳቸው የሚከቱ ይመስል እጃቸው ደረታቸው አካባቢ ፈለገ። ከዚያ «እታለም!» ብለው ጮኹ፤ ወደ ፊት ተደፉ፤ መሬት ሳይደርሱ የያዛቸው፣ ፊት ይቁም ኋላ ያልተነገረው ሙሀጅር ነው።

እንዴት እንዳወቁ ለእዝራ የነገሩት ረፋዱ ላይ ነው፤ ሰው ገብቶ ቤቱ ሞልቶ፣ ንፍሮው እየዞረ ሳለ፣ ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ሲቀመጥ።

«ረቡዕ ማታ አየሁት» አሉት ቀስ ብለው። «የእታለም ልጅ ፌስቡክ ላይ። ሻማ ነው። ሻማ ብቻ፤ ስም የለውም። የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል አልኩ። የጎረቤት፣ የባሏ ወገን... ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ጋሼ...»

«የእኔ ከሆነ ይመጣሉ አልኩ። ሐሙስ አልመጣችሁም። ዓርብ አልመጣችሁም። ቤት ከዋልኩ ትመጣላችሁ ብዬ መሮጫው ዋልኩ። አንተ ቻርጀሬን የደበቅህ ጊዜ ልቤ ወረደ፤ ግን የእኔም ተሰብሯል ስትለኝ፣ ምናልባት እውነቱን ነው አልኩ። ሙሀጅር አልሰድብ ሲለኝ፣ ምናልባት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው አልኩ። ትናንት ዘጠነኛው ሲገባማ...» ፍራሹን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ማንም ያልያዘው ከገባ፣ ይሄም ይገባል አልኩ። በሕይወት አለች አልኩ። ብቻዬን ነው የያዝኩት፤ ማንም አልያዘውም።»

እዝራ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩትን ወንበሮች አየ። «ታዲያ ወንበሩን ለምን ደረደሩ?» አለ።

«አንተ ሌሊት ጫማህን በእጅህ ይዘህ ስትወጣ ሰማሁህ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ሰው ደግሞ ቆሞ አይረዳም።»

እዝራ ጎንበስ አለ። ሰውን እንዲህ ጠብቆ እንዲህ መበደል እንዳለ አያውቅም ነበር። ጋሽ ዘርይሁን ግን እጃቸውን ማጅራቱ ላይ አሳረፉበት፤ ልጅ እንደሚያባብሉ። «አንተ ደከምክ» አሉት። «ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ተሸክመህ ዋልክ። ትናንት ኪስህ ውስጥ እጅህን ከተህ ስታወጣ አይቼሃለሁ። እንኳን አልሰጠኸኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጋብ አለ። የዌስተኑ ሰው መጥቶ ሄደ። ሙሀጅር ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለ ዘጠነኛው ፈረስ ለእትዬ ጸዮን በሹክሹክታ ይነግራል፤ እትዬ ጸዮን «ዝም በል፣ ለቅሶ ቤት ነው» ይላሉ፤ ቀጥለው ደግሞ «ጭቃ ላይ ነው ያልከኝ?» ይላሉ። ጋሽ ዘርይሁን ግድግዳውን ተደግፈው ይሰማሉ። ከረቡዕ ጀምሮ ዐይናቸውን አልከደኑም ነበር። አንገታቸው ዘመመ፤ ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ዳግም ዘመመ።

እዝራ ተነሥቶ ጫማቸውን ፈታላቸው። ሙሀጅርን በዐይኑ ዝም አሰኘው። ፍራሹ ላይ በቀስታ ሲያስተኛቸው አልነቁም፤ ስልኩን ከደረት ኪሳቸው አውጥቶ፣ ቻርጀሩን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ፣ ግድግዳው ላይ ሰካው። ሲበራ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ዘርይሁን እንቅልፍ የወሰዳቸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።